የመጀመሪያው እርከን

«እሱ እኮ ፕላን ያነባል» ሲሉኝ ዱሮ ደረቴ ይነፋ ነበር። አሁን ይደክመኛል። ወረቀት ማንበብ ምን ያስነፋል? የምታነበው ወረቀቱ የሚለውን ነው፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሌላ ሰው ነው። ይሄን ለማወቅ ዕድሜዬን ፈጀሁ። ዕድሜዬን ብቻ ፈጅቼ ቢሆን ደግሞ ምን ነበረበት።

አናጢ ነኝ። ከጉራጌ አገር ጅማ የገባሁት መጋዝና መዶሻዬን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ነው። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ጠባብ ወርክሾፕ አለችኝ። ስጀምር የምንሠራው የጭቃ ቤት ነበር። የጭቃ ቤት ፕላን የለውም። ባለቤቱ ግቢው መሀል ይቆምና በእጁ ከዚህ እስከዚያ ይልሃል፣ አንተ ገመድ ትወጥራለህ፣ አለቀ። ፎቅ የሚሉት ነገር ሲመጣ ነው ወረቀት አብሮት የመጣው። መጀመሪያ የሰጡኝን ፕላን ገልብጬ ይዤ ግማሽ ቀን ዞሬበታለሁ። ሁሉም ሲስቅብኝ አንድ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ መሐንዲስ ብቻ አዘነልኝና በምሳ ሰዓት እያስቀመጠ አስተማረኝ። ወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲም መሬት ላይ አንድ ሜትር ነው አለኝ። ወፍራሙ መስመር ግድግዳ ነው፣ የተቆራረጠው መስመር ከላይ የሚመጣው ጣራ ነው አለኝ። ከሁሉ የከበደኝ ቤቱን እንደ ዳቦ ለሁለት ቆርጠው ውስጡን ከጎን የሚያሳዩበት ገጽ ነበር። እሱ የገባኝ ቀን እየሮጥኩ ሄጄ ለባለቤቴ ብነግራት፣ ታዲያ ደህናውን ቤት ለምን ይቆርጡታል አለችኝ።

ጓደኛዬን ያገኘሁት ጣራ ላይ ነው። እሱ በአንዱ ጫፍ እኔ በሌላው ሆነን ቆርቆሮ ስንመታ ተዋወቅን። ከሰርቦ ወረድ ብሎ ካለ መንደር፣ ቡና ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ቁርኣኑን አሳምሮ ይቀራል፣ አማርኛ ሲናገር ኦሮምኛው እየቀደመ ይወጣል። የፕላን ወረቀት ስታሳየው ግን እንደ ሐኪም ማዘዣ ነው የሚያየው። ቁጥር ያውቃል፤ ሜትር ይዞ ያረጀ ሰው እንዴት ቁጥር አያውቅም። የማያውቀው የቱ ቁጥር የየትኛው ነገር እንደሆነ ነው። ዓይኑ ግን ሌላ ነበር። መንገድ ማዶ ቆሞ ያ በር ወደ ግራ ሰክሯል ይልሃል። ተናድደህ ውሃ ልክህን ታስቀምጥበታለህ፣ እውነትም ሰክሯል።

ሃያ ዓመት አብረን ሠራን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይቆርጣል። አንተ ባትኖር እኔ ጣውላ ተሸካሚ ነበርኩ ይለኛል፤ አንተ ባትኖር እኔ ወረቀት ተሸካሚ ነበርኩ እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ከአጋሮ እስከ ሰርቦ ስንቱን ቤት አቆምን። የምንጣላበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ደረጃ።

እስቲ ላስረዳ፣ ከባድ ነገር አይደለም። ደረጃ ሲሠራ አናጢው መጀመሪያ የጣውላ ቅርጽ ያበጃል፣ ኮንክሪቱ እዚያ ውስጥ ይፈሳል። የሕንጻ ደንቡ እርከኖቹ ሁሉ ቁመታቸው እኩል ይሁን ይላል። እግር የለመደውን ነው የሚጠብቀው፤ አንዱ እርከን ከበለጠ ሰው ይደናቀፋል። እኩል መሆን ያለባቸው ግን ቤቱ ሲያልቅ ነው። ታችኛው ወለል ላይ ገና ቧንቧ ይቀበርበታል፣ ሊሾ ይፈስበታል፣ ሴራሚክ ይነጠፍበታል፤ ሰባት ሳንቲም ያድጋል። ደረጃው ላይ የሚለጠፈው ሁለት ሳንቲም ብቻ ነው። ስለዚህ ፕላኑ ሌላውን እርከን ሁሉ አሥራ ሰባት፣ የመጀመሪያውን ግን ሃያ ሁለት አድርገህ አፍስስ ይልሃል። ወለሉ ሲያድግ ያ ትርፍ አምስት ሳንቲም ይዋጥና ሁሉም እኩል ይሆናል።

ወረቀቱ የሚለው ይሄ ነው። የእኛ አገር ቤት ግን የሚያድገው በቡና ነው። አንዱን ዓመት ቡናው ይይዛል፣ መሠረት ይወጣል። በሚቀጥለው ሶሌታው፣ የፎቁ ወለል፣ ይፈሳል። ከዚያ ቡናው ይወርድና ሰውየው ልጆቹንና ፍራሹን ይዞ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ይገባል። ሴራሚኩ ለከርሞ ይባላል። ያ ከርሞ አምስት ዓመት ይሆናል፣ ሰባት ዓመት ይሆናል፤ ሴራሚኩን ሳያዩ ያረፉ ሽማግሌዎች አውቃለሁ። ጓደኛዬ ይሄን ስለሚያውቅ የመጀመሪያውን እርከን ከሌሎቹ እኩል አድርጎ ነበር የሚሠራው። እኔ ከፍ ቢል ይሻላል ስለው፣ «ማሎ፣ እባክህ፣ ሴራሚኩ እስኪመጣ ድረስ የሚወድቀው ማን ነው?» ይለኛል። የቤቱም ባለቤት ከሱ ጋር ይስማማል፣ እኔም ዝም እላለሁ። ያን ጊዜ በየገጠር ከተማው ሜትር ይዞ የሚመጣ ተቆጣጣሪ አልነበረም። እሱ ነገሩን የእኔ ጭንቀት አድርጎ ነበር የሚያየው። በወረቀቱ ላይ በቁጥር የተጻፈ ትእዛዝ መሆኑን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላሳየሁትም።

እሱ እውነቱን ነበር። እኔም እውነቴን ነበር። አድካሚው ነገር ይሄ ነው።

ከጥቂት ዓመት ወዲህ ግን ዘመኑ ተለወጠ። የምንሠራለት ተቋራጭ አንድ ቀን ሁለታችንንም ጠራንና ከእንግዲህ ፎርማን የሚሆን ሰው የብቃት ወረቀት ያስፈልገዋል አለን፤ ሲኦሲ የሚሉት ፈተና። ሰርቦ ላይ ለአንድ ቡና ነጋዴ ፎቅ ቤት ሊጀምር ነው፣ የሚፈልገው አንድ ፎርማን ነው። ሁለታችንም እንፈተን፣ አንዳችን ብናልፍ ያለፈው ይይዘዋል። ሁለታችንም ካለፍን ደግሞ ጓደኛዬ ይያዘው፤ አገሩ ነው፣ ቋንቋውም ነው፣ ሠራተኛውም ይሰማዋል አለ። ይህን ሲል ወደኔ ዞሮ ቅር እንዳይልህ አለኝ። ኧረ ምን ቅር ይለኛል አልኩ። ዋሸሁ።

ጉልበቴ አልቆ ነበር። ሐኪሙ መሰላል መውጣት ተው ብሎኛል፣ እኔም ለማንም ሳልናገር እየወጣሁ ነበር፤ ስወርድ እንደ አሮጌ በር እንቋቋለሁ። ፎርማን ታች ቆሞ ያዝዛል። አናጢ ግን ይወጣል። ፎርማንነቱን ካጣሁ ወርክሾፔ ውስጥ የተሰበረ ወንበር ስጠግን ልውል ነው፤ በሱ ደግሞ ቤት አይተዳደርም። ጓደኛዬ ጤነኛ ነው፣ እሱ ቢያንስ ይወጣል ብዬ አሰብኩ። ሰው ክፉ ነገር ሲያስብ መጀመሪያ ምክንያቱን ነው የሚያሰናዳው።

የሚፈትነን ኮሌጅ ለመለማመጃ ብሎ ባለ አምስት ገጽ ፕላን ሰጠን፤ የፈተናውም ከዚሁ ዓይነት ነው አሉን። ጓደኛዬ ሳምንቱን ሙሉ የከሰዓቱን የአስር ሰላት እየሰገደ ወርክሾፔ ይመጣ ነበር። አንብብልኝ ይለኛል፣ አነብለታለሁ። ሲገባው ያስደንቅ ነበር። በሩ የቱ ጋ ነው ስለው በጣቱ ይነካል፣ መስኮቱ ስንት ነው ስለው ቁጥሩን ያገኘዋል። እንዲህ ቀላል ከሆነ ሃያ ዓመት ለምን ደበቅከኝ ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን አምስተኛው ገጽ ላይ ደረስን፤ ያ ቤቱ እንደ ዳቦ የተቆረጠበት ገጽ። ደረጃው እዚያ አለ። የመጀመሪያው እርከን ለብቻው ቀስት ተደርጎበት ሃያ ሁለት የሚል ተጽፎበታል። ጓደኛዬ ጣቱን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አድርጎ ይቺስ አለኝ። ቁጥሩን አየሁት። ጣቱን አየሁት።

«ደረጃ ነው። ላንተ ደረጃ ምን ይነገርሃል?» አልኩትና ወረቀቱን አጠፍኩት።

ደስ አለው። ያመሰገንኩት መሰለው እኮ። ሰው ፊት ሲያመሰግኑት እንደሚያደርገው አንገቱን ሰበር አድርጎ ቶሌ፣ እሺ አለኝና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ረስቼ አይደለም ያልነገርኩት። ደክሞኝ ነበር ማለትም እችላለሁ፣ ደክሞኝም ነበር፤ ግን በድካም አላመካኝም። አውቄ ነው።

ጓደኛዬን የቃሉን ፈተና በኦሮምኛ ጠየቁት፣ አሳምሮ መለሰ። የእጁ ፈተና በኮሌጁ ወርክሾፕ ነበር። ለያንዳንዳችን ፕላንና ጣውላ ሰጡን፣ የአራት እርከን የደረጃ ቅርጽ ሥሩ ተባልን። እኔ የመጀመሪያውን ሃያ ሁለት አድርጌ ሠራሁ። ጓደኛዬ ጥግ ይዞ ይሠራል። ሲጨርስ ሌሎቹ ተፈታኞች የየራሳቸውን ትተው የሱን መጥተው አዩ። የጣውላው መጋጠሚያ ወረቀት አያስገባም። የኔ አጠገቡ ሲታይ የዶሮ ቤት ይመስል ነበር።

ፈታኙ ሜትሩን ዘረጋ። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሰባት። የመጀመሪያው ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ጠየቀው። ጓደኛዬ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ከርሞ ሴራሚክ፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ስለሚኖሩ ሰዎች አንድ በአንድ አስረዳ። ሰው ሳቀ። ፈታኙ ግን አልሳቀም። የሚሉት እውነት ነው፣ እናቴም ቤት እንደዚያው ነው፣ እኔ የምፈትነው ግን ወረቀቱን ነው አለው። አምስተኛውን ገጽ ገልጦ ቀስቱንና ሃያ ሁለቱን በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየው። ጓደኛዬ ያን ገጽ ብዙ ጊዜ ወስዶ አየው። ወደኔ ግን አላየም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል የአገሬ ሰው። ፈታኙ የኤክስ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ሄደ።

እኔ አለፍኩ። እሱ ወደቀ። ከጥቂት ወር በኋላ መድገም ይችላል ተብሎ ነበር፤ ሰው የሚጥል ደረጃ ሠርቼ ወረቀት አልቀበልም ብሎ እምቢ አለ። ተቋራጩ ግን ጨካኝ ሰው አይደለም፤ በቀን ሠራተኛነት እኔ ሥር አስገባው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ትናንት መዶሻ አያያዝ ያስተማራቸው ጎረምሶች «ኦቦ ሲኦሲ» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። አብሯቸው ይስቃል። አንድ ቀን ተዉ አልኳቸው፤ ከዚያ በኋላ እኔም ታከተኝ።

የሰርቦው ደረጃ ተራ ሲደርስ የመጀመሪያውን እርከን ሃያ ሁለት አድርጉት ብዬ አዘዝኩ። ጣውላውን የቆረጠው እሱ ነው፣ የመታውም እሱ ነው። ይከራከረኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር የቆምኩት። ሜትሩን አጥፎ ወደሚቀጥለው ጣውላ ሄደ። ቢጣላኝ ይሻለኝ ነበር።

ጓደኛዬ እንደሚለውም ሆነ፤ ቡናው በዚያ ወቅት ወረደ። ነጋዴው ሊሾውም ሴራሚኩም ይቆየን አለና ቤተሰቡን ይዞ ገባ። እኛ የውስጥ በሮች ስለቀሩን እዚያው እንውላለን። አሮጊት እናቱን ከገጠር ያመጣቸው ዕለት ሰው ሁሉ ቤቱን ሊያሳያቸው ከቦ ወደ ደረጃው ወሰዳቸው። እግራቸውን አነሱ፤ የጫማቸው ጫፍ የመጀመሪያው እርከን ፊት ላይ መታና በጉልበታቸው ወደቁ። ክፉኛ አልተጎዱም፤ መዳፋቸው ተላጠ። ልጃቸው ሲደነግጥ እሳቸው ናቸው ያጽናኑት። እርከኑ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን እያሹ፣ አርጅቻለሁ ልጄ፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ አሉት። ጥፋቱ የእግራቸው መሰላቸው።

ነጋዴው ወደኔ ዞረ። ሴራሚክ ሲገባ ይስተካከላል፣ ፕላኑ እንደዚያ ነው የሚለው አልኩት። ፕላኑን አውጥቼ አሳየሁት እኮ። ያ ሰውዬ ወረቀት ምን ያድርግለት? እናቱ እርከኑ ላይ ተቀምጠዋል።

ጓደኛዬ ይዞት የነበረውን በር ግድግዳ አስደግፎ ወደ ጓሮ ወጣ። የተረፈ ጣውላ መርጦ መጣ። ደረጃው ሥር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቆም ሰፊ መደብ ሠራ። ቁመቱ ልክ አምስት ሳንቲም ነው። ፊቱን እግር እንዳይመታው በመላጊያ ወደ ታች እያዘቀዘቀ ላገው። ወለሉ ላይ ምስማር አልመታም፤ ከግድግዳው ጋር አጥብቆ ገጠመው፣ ሴራሚኩ ሲመጣ ተነስቶ ይወጣል። ከዚያ አሮጊቷን በኦሮምኛ እናቴ ይምጡ አላቸው፣ እጃቸውን ግን አልያዘም። መደቡ ላይ ወጡ፣ ቆሙ፣ እግራቸውን አነሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እስከ ላይ ወጡ።

ሃያ ዓመት የተጣላንበት ነገር በአንድ ከሰዓት አለቀ። ወረቀቱም አልተጣሰ፣ ሰውም አልወደቀ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ልክ ነኝ ስል ያን ቁራጭ ጣውላ አላሰብኩትም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እውነት ነው። ቀናሁበት። አፍሬም ነበር፤ ቅናቱ ግን ይበልጥ ነበር።

በሳምንቱ የሕንጻ ተቆጣጣሪ መጣች፤ ወጣት ናት፣ ጠንቃቃ ናት። ተቋራጩም አብሯት ነበር። ከመኪና ሲወርድ አጋሮ ላይ ሌላ ቤት እንደሚጀምር ነገረኝ። ለዚያኛው ነገሩ የገባው ፎርማን ካገኘሁ ወረቀቱን እስኪያወጣ እጠብቀዋለሁ፣ የፈተናውንም ክፍያ እኔ እችላለሁ አለኝ። ታውቃለህ ወይ እንዲህ ያለ ሰው ብሎ ጠየቀኝ። እስቲ ላስብበት አልኩት።

ተቆጣጣሪዋ ደረጃው ጋ ስትደርስ መደቡን አነሳችና እርከኑን ለካች። ሃያ ሁለት። ከፕላኑ ጋር አስተያየች፣ ልክ ነው። መደቡን መልሳ አስቀመጠችና ወጥታ ወረደችበት። እንደገና ወጥታ ወረደች። ፈገግ አለች። ሰው ሳይጨርስ በሚገባበት ቤት ሁሉ ይሄ ቢደረግ ስንት ሰው ከመሰበር ይተርፋል አለች። ፕላኑን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ወደኔ ዞረች።

«ይሄን ያሰቡት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

ጓደኛዬ ከኋላዬ ነበር፤ በር በትከሻው ደግፎ ማጠፊያውን ሊመታ ይለካል። የመለኪያው ድምፅ ቆመ። መስማቱን አወቅሁ። ተቋራጩ ያየኛል፣ እሷ ታየኛለች። አንገቴን ነቀነቅሁ። አዎ ማለቴ ነበር። ጎበዝ ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፣ ተቋራጩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ወደ ላይ ወጡ።

ለምን? ብዙ ቀን ራሴን ጠይቄያለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ጉልበቴ ነበር፣ እንጀራዬ ነበር። በዚህኛው ምንም አልነበረም። ሥራው በእጄ ነው፣ ማንም አይወስድብኝም። እሱ ነው ብል የሚጎድለኝ ነገር አልነበረም፣ ለሱ ግን አጋሮ ነበረለት። አንዴ የለመድከው ነገር ሁለተኛ ጊዜ ምክንያት አይጠይቅህም መሰለኝ። ሌላ መልስ አላገኘሁም።

ከሰዓት በኋላ ከሥራ ወጥተን እንደ ወትሯችን ወደ ጅማ የሚሄድ ሚኒባስ ልንጠብቅ መንገድ ዳር ቆምን። የመሣሪያ ከረጢቱን እግሩ ሥር አስቀምጧል። ሊጣላኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይገባኛል፣ እቀበላለሁ ብዬ ነበር። እሱ ግን መንገድ መንገዱን እያየ፣ ኤጋ፣ እንግዲህ ያን ፈተና ደግሜ ልወስድ ነው አለኝ። ድምፁ ላይ ቁጣ የለም።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ዕንባዬ ሊመጣ ነበር። አጋሮን እነግረዋለሁ፣ ሁሉን ነገር አስተካክላለሁ አልኩ በልቤ። በጣም ጥሩ፣ ከነገ ጀምሮ አስር ሰግደህ ና፣ ከመጀመሪያው ገጽ እንጀምራለን አልኩት።

ሚኒባሱ ከሩቅ ብቅ አለ። ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን አነሳና ትከሻው ላይ አደረገ።

«ወላሂ አልተቀየምኩህም» አለኝ። «ግን የሚያነብልኝ ሌላ ሰው ፈልግልኝ።»

እሺ አልኩት። ሚኒባሱ ቆመ፣ እሱ ቀድሞኝ ገባ።